«አልትራሳውንድ የለም» ማለት ምርመራ የለም ማለት አይደለም

በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ስለ ራሽን፣ ስለ ውሃ ወረፋ፣ ስለ ሪሰትልመንት ፕሮሰስና ስለ ሀገር ቤት ወሬ ነው። ዛሬ ግን በየቤቱ ያለ፣ በአደባባይ ግን የማይነሳ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። የሴቶች ጉዳይ ነው ብላችሁ ገጹን ልትገለብጡ ያሰባችሁ ወንድሞች ካላችሁ እባካችሁ ቆም በሉ፤ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

ከአንዲት እህታችን እንጀምር። ስሟንና ብሎኳን አንጠቅስም፤ ታሪኳ እንዲጻፍ ግን ፈቅዳለች። ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ ተጠግቷል። ካገባች ስድስት ዓመት ሆኗታል፣ ልጅ አልወለደችም። የወር አበባዋ በዓመት አራት ወይም አምስት ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው። አገጯ ላይ የሚበቅለውን ፀጉር ጎረቤት ሳይነሳ በማለዳ በምላጭ ትላጫለች። በነዚህ ዓመታት ወደ ክሊኒክ ደጋግማ ሄዳለች። በመጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አደረጉላትና «እርግዝና የለም» ተባለች። ቀጥሎ «ጭንቀት ነው» ተባለች። ሌላ ጊዜ አስተርጓሚው ወንድ፣ ያውም የጎረቤት ልጅ ሆነባትና የሆዷን በሆዷ ይዛ «ወገቤን ያመኛል» ብላ ፓናዶል ተቀብላ ተመለሰች። በመጨረሻ አንድ የጤና ባለሙያ ነገሩ የገባው መሰለና «ይኼ አልትራሳውንድ ይፈልጋል፣ እዚህ የለም፣ ሪፈራል ጠብቂ» አላት። ሪፈራሉን ስትጠብቅ ዓመት አለፈ። በዚህ መሃል የባሏ ዘመዶች በስልክ «መካን ይዘህ እስከ መቼ ነው የምትኖረው?» ማለት ጀመሩ።

ለመሆኑ የዚች እህታችን በሽታ ያለ አልትራሳውንድ ሊታወቅ አይችልም ነበር? ይችል ነበር። ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያው ራሱ የሚለው ይህንኑ ነው። የዛሬው ትንታኔያችንም በዚህ ላይ ያተኩራል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

በሽታው ምንድን ነው?

በሕክምናው ቋንቋ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ይባላል፤ በአጭሩ ፒ.ሲ.ኦ.ኤስ.። ኦቫሪ ማለት ከማህፀን ግራና ቀኝ የሚገኝ የሴቷ እንቁላል ማፍሪያ ነው። በጤናማ ጊዜ በየወሩ ብዙ ትንንሽ የእንቁላል ከረጢቶች ማደግ ይጀምሩና አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ይበስላል፣ እንቁላሉንም ይለቃል። በዚህ ችግር ግን ከረጢቶቹ ማደግ ጀምረው መንገድ ላይ ይቆማሉ። እንቁላል ካልተለቀቀ የወር አበባው ይዘገያል ወይም ይቀራል፤ እርግዝናም ይቸግራል።

ሌላው ነገር አንድሮጅን የሚባለው ሆርሞን ነው። ሰው «የወንድ ሆርሞን» ይለዋል እንጂ በጥቂቱ በሁሉም ሴት አካል ውስጥ አለ። መጠኑ ሲበዛ ፊት ላይ ጠቆርና ጠንከር ያለ ፀጉር ይወጣል፣ ብጉር ይበረታል፣ አንዳንዴም የራስ ፀጉር ከመሃል ይሳሳል። በብዙዎቹ ሴቶች ላይ ደግሞ አካላቸው ስኳርን ለሚቆጣጠረው ኢንሱሊን በደንብ አይታዘዝም። ስለዚህ አካል ተጨማሪ ኢንሱሊን ያመርታል፤ የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኦቫሪውን ተጨማሪ አንድሮጅን እንዲያመነጭ ይገፋፋዋል። አዙሪት ነው። አንዳንድ ሴቶች አንገታቸው ላይ ወይም ብብታቸው ውስጥ ቆዳው ሲጠቁርና ሲወፍር የሚያዩት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ታጥቦ የማይለቅ ስለሆነ «ቆሻሻ ነው» ብላችሁ ልጆቻችሁን አትፈትጉ።

ይህ ብርቅ በሽታ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ባሰራጨው መግለጫ መሠረት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከ100ው ከ10 እስከ 13 የሚሆኑት ይህ ችግር አለባቸው። ከነዚህም ውስጥ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት በሽታው እንዳለባቸው አልተነገራቸውም። በራሽን ቀን መቶ ሴቶች ተሰልፈው ብታዩ ቢያንስ አሥሩ ችግሩ ሊኖርባቸው ይችላል ማለት ነው። ከአሥሩም አብዛኞቹ ስሙን እንኳ አልሰሙትም።

ስሙ ራሱ አሳሳተን

ነገሩ ወደ ማሽን ያዘነበለው እንዴት ነው? መልሱ ያለው በታሪኩ ውስጥ ነው። በ1935 በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ ስታይንና ሌቨንታል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የወር አበባቸው የተቋረጠ ሰባት ሴቶችን መርምረው ኦቫሪያቸው ትልልቅና በትንንሽ ከረጢት የተሞላ መሆኑን ጻፉ። ያኔ አልትራሳውንድ ገና ስላልነበረ ሐኪሙ ኦቫሪውን በዓይኑ የሚያየው ሆድ ከፍቶ ነበር። ስሙም ከዚያው መልክ ወጣና «ብዙ ሲስት ያለበት ኦቫሪ» ተባለ።

ችግሩ ታዲያ እነዚያ ከረጢቶች እውነተኛ ሲስቶች አለመሆናቸው ነው። ያልበሰሉ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። ደግሞም ጤናማ ሴት ላይ፣ በተለይ በወጣት ልጅ ላይ፣ ኦቫሪው እንዲሁ ሊመስል ይችላል። በሽታው ያለባት ሴት ደግሞ ኦቫሪዋ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። በ2012 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሰበሰበው የባለሙያዎች ጉባኤ ስሙ ሰውን የሚያሳስት ስለሆነ ቢቀየር ይሻላል እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ስሙን የሰማ ሁሉ «ማሽን ካላየው አይታወቅም» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

የምርመራው መስፈርትም ቀስ በቀስ ነው የተስተካከለው። በ1990 በአሜሪካ በተደረገ ጉባኤ ሁለት ነገሮች ብቻ ተቀመጡ፤ የወር አበባ መዛባትና የአንድሮጅን መብዛት። አልትራሳውንድ አልተካተተም ነበር። በ2003 በሆላንድ ሮተርዳም የተሰበሰቡት ባለሙያዎች ሦስተኛ አድርገው የኦቫሪውን መልክ ጨመሩና «ከሦስቱ ሁለቱ ከተገኙ በቂ ነው» አሉ። በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት በ2018 የወጣውና በ2023 የታደሰው ዓለም አቀፍ መመሪያም የተመሠረተው በዚሁ «ከሦስት ሁለት» ላይ ነው። በግልጽ ያሰፈረው አንድ ነገር አለ፦ የወር አበባዋ የተዛባና የአንድሮጅን ምልክት የሚታይባት ሴት ሌሎቹ በሽታዎች ከተጣሩላት ለምርመራው አልትራሳውንድ አያስፈልጋትም።

እህታችንን መልሳችሁ አስታውሷት። በዓመት አራት አምስት ጊዜ የሚመጣ የወር አበባ አላት፤ በየማለዳው የሚላጭ አገጭ አላት። ሁለቱም ነበሯት። የጎደለው አልትራሳውንዱ ሳይሆን ጥያቄው ነበር።

ሦስቱ ምልክቶች በተራ

አንደኛው የወር አበባ ነው። የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን አንስቶ እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ቀን ነው። በአዋቂ ሴት ይህ ርቀት ከ21 ቀን ካነሰ ወይም ከ35 ቀን ከበለጠ፣ ወይም በዓመት ከ8 ጊዜ በታች ከሆነ ተዛብቷል ይባላል። እናቶቻችን እኮ ግድግዳ ላይ ካላንደር ሳይሰቅሉ ይቆጥሩ ነበር። «ያለፈው ለሚካኤል ነበር» ይላሉ። ሙስሊም እህቶቻችን በጨረቃ ይቆጥራሉ። ያ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ከሚካኤል እስከ ሚካኤል 30 ቀን ነው፤ እስከ ገብርኤል ከዘለቀ 37 ይሆናል። መሃል ላይ ጳጉሜን ከገባች ቀኗን መደመር ነው። አንድ ጊዜ ቢዘገይ ምንም አይደለም። በየጊዜው 35ን ካለፈ ግን በደብተር ይጻፍ። ክሊኒክ ውስጥ «ይዛባብኛል» ከማለት ይልቅ የስድስት ወር ቀን የተጻፈበት ወረቀት ማሳየት ብዙ ነገር ያሳጥራል። አስተርጓሚም አያስፈልገውም።

ሁለተኛው የአንድሮጅን ምልክት ነው። ባለሙያዎች ፀጉሩን የሚመዝኑበት ፌሪማን ጋልዌይ የሚባል ዘዴ አለ። ከላይኛው ከንፈር፣ ከአገጭ፣ ከደረት፣ ከሆድ፣ ከጀርባ፣ ከክንድና ከጭን ሁሉ ዘጠኝ ቦታዎችን እያዩ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣሉ። ድምሩ እንደየሕዝቡ ተፈጥሮ ከ4 እስከ 6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፀጉሩ ከመጠን በላይ ነው ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ወጥመድ አለ። ሴት ልጅ ወደ ሐኪም ስትሄድ ተላጭታና ተነቅላ ነው የምትሄደው። ሐኪሙ ፊቷን አይቶ «ምንም የለም» ይላል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ፀጉር አለሽ ወይ?» ሳይሆን «ትላጫለሽ? ትነቅያለሽ? በሳምንት ስንት ጊዜ?» የሚለው ነው። እህቶችም ሳትጠየቁ ንገሩ፤ ነውር የለበትም። ምልክቱ በዓይን ካልታየ ደግሞ አንድሮጅን በደም ምርመራ ሊለካ ይችላል።

ሦስተኛው የኦቫሪው መልክ ነው። በአልትራሳውንድ በአንዱ ኦቫሪ ውስጥ 20 ወይም ከዚያ በላይ ትንንሽ ከረጢቶች ከታዩ፣ ወይም የኦቫሪው መጠን 10 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ምልክት ይቆጠራል። በ2023 የወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሴቶች ኤ.ኤም.ኤች. የሚባል የደም ምርመራ በአልትራሳውንድ ምትክ ሊሠራ እንደሚችል ጨምሯል። ይህ ሦስተኛው የሚያስፈልገው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አንዱ ብቻ ሲገኝ ነው።

ሌላም የተሳሳተ እምነት እናንሳ። «ይኼ የወፍራም ሴት በሽታ ነው» የሚሉ አሉ። ውፍረት ምልክቱን ያባብሳል እንጂ ቀጭን ሴቶችም ይይዛቸዋል። እዚህ ካምፕ ውስጥ ቀጭን ስለሆነች ብቻ ሳትጠየቅ የምታልፍ ሴት ብዙ ናት።

የዘገየ ሁሉ ፒ.ሲ.ኦ.ኤስ. አይደለም

ይህን ጽሑፍ አንብቦ «በቃ በሽታዬን አወቅሁ» ማለት ደግሞ ስህተት ነው። መመሪያው ከሦስት ሁለቱ ተገኝተውም ሌሎች መንስኤዎች መጣራት አለባቸው ይላል።

ከሁሉ በፊት እርግዝና ነው። ቀጥሎ ጡት ማጥባት። የሦስት ወሩ መርፌና በክንድ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያም የወር አበባን ሊያቆሙ ወይም ሊያዛቡ ይችላሉ። የእንቅርት እጢ ችግር ሌላው ነው። ፕሮላክቲን የሚባለው የወተት ሆርሞን ሲበዛም የወር አበባ ይቆማል፤ ሳታጠባ ከጡቷ ወተት የሚወጣባት ሴት ይህንን ሳትደብቅ መናገር አለባት። ከአድሬናል እጢ የሚነሳ በዘር የሚተላለፍ ችግርም በደም ይጣራል። ቲቢ በሚበዛበት በእኛ አካባቢ ደግሞ የማህፀን ቲቢ ሳል ሳይኖር መካንነትና የወር አበባ መቋረጥ ሊያመጣ እንደሚችል መረሳት የለበትም።

ከዚያ በኋላ የኛው የካምፑ ነገር ይመጣል፤ ረሃብና ጭንቀት። ሰው ክብደቱ በጣም ሲቀንስ ወይም ከባድ መከራ ሲያልፍበት አእምሮ ራሱ የመውለድን ሥራ ያቆመዋል። ስለዚህ «ጭንቀት ነው» የሚለው የክሊኒኩ መልስ ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። ልዩነቱ ምንድን ነው? በረሃብና በጭንቀት የቆመ የወር አበባ በአብዛኛው ፊት ላይ ፀጉር ይዞ አይመጣም። «ጭንቀት ነው» የሚባለውም ከተጠየቀና ከተመረመረ በኋላ እንጂ ከመጠየቅ በፊት አይደለም።

አስቸኳይ የሆኑም አሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት ፀጉር ከወረራት፣ ድምጿ ከጎረነነ፣ ፓድ በየሰዓቱ የሚያርስ ደም ከፈሰሳት፣ ወይም ከራስ ምታት ጋር ዓይኗ ከደበዘዘባት ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወደ ሐኪም መሄድ አለባት።

ስለ ተማሪዎቻችን

እኛ አስተማሪዎች ስለሆንን ይህን ሳንል ማለፍ አንችልም። በክፍላችን ውስጥ ሻርፕ አገጯ ድረስ ጠቅልላ የምትቀመጥ፣ ወደ ሰሌዳ ስትጠራ የማትነሳ፣ ቀስ በቀስም የምትቀር ልጅ አይተናል። «ጺማም» ብለው የሚስቁባትን ወንዶች ገሥጸናል፤ እሷን ግን «ምን ሆንሽ?» ብለን አልጠየቅንም። ጥፋቱ የኛም ነው።

በልጃገረዶች ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የወር አበባ ከጀመረ በመጀመሪያው ዓመት መዛባት የተለመደ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እስከ 45 ቀን መዘግየት ይጠበቃል። ከሦስት ዓመት በኋላ እንደ አዋቂ ይቆጠራል። ከአንደኛው ዓመት በኋላ አንድ ጊዜም ቢሆን ከ90 ቀን በላይ ከቀረ፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ጨርሶ ካልመጣ መታየት አለባት። ለወጣቶች ምርመራው ሁለቱንም ይጠይቃል፤ የወር አበባ መዛባትና የአንድሮጅን መብዛት። አልትራሳውንድና ኤ.ኤም.ኤች. በዚህ ዕድሜ አይመከሩም፤ ጤናማዋንም በሽተኛ ያስመስሏታልና። አንዱ ብቻ የተገኘባት ልጅ «ልታጋልጥ ትችላለች» ተብላ በክትትል ትቆያለች እንጂ የበሽታ ስም አይለጠፍባትም። በተለይ «አትወልድም» የሚል ቃል ከማንም አፍ መውጣት የለበትም። ሐሰት ነው፤ የልጅቷንም ዕጣ ያበላሻል።

ታዲያ ለምን አይጠየቅም?

ጥፋቱን ሁሉ በጤና ባለሙያዎች ላይ መጣል ፍትሕ አይሆንም። የካምፕ ጤና አገልግሎት የተሠራው ለአደጋ ጊዜ ነው። በዓለም ላይ ለስደተኞች የሚሰጠው አነስተኛው የመነሻ የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት ትኩረቱ የታወቀ ነው፤ ጾታዊ ጥቃትን መከላከል፣ ኤች.አይ.ቪ.ን መግታት፣ የእናቶችንና የጨቅላዎችን ሞት መቀነስ፣ ያልተፈለገ እርግዝናን ማስቀረት። ሁሉም ሕይወት የሚያድኑ ናቸው፣ ማንም አይቃወማቸውም። ግን የተለኩት ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ነው። እኛ ደግሞ እዚህ ከቆየን ስንት ዓመት ሆነን? ካምፕ ውስጥ ተወልደው ሁለተኛ ደረጃ የደረሱ ተማሪዎች እያስተማርን ነው። ስደቱ ሲረዝም በሽታውም ይቀየራል። ወረፋው ግን ዛሬም ለወባ፣ ለተቅማጥና ለወሊድ የተሰናዳ ነው። ልጅ የሌላት ሴት የምትሰለፍበት መስኮት የለም።

በዚህ ላይ ገንዘቡ ጠፋ። በጥር 2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታግድና ሌሎች ለጋሾችም እጃቸውን ሲሰበስቡ በምሥራቅ አፍሪካ ካምፖች ራሽን ተቆርጧል፣ ሠራተኛ ተቀንሷል። እንዲህ ባለ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠበው የሪፈራል በር ነው፤ ነፍስ ላልተያዘበት መኪና አይነሳም። ምርመራችን በከተማ አልትራሳውንድ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ ከሪፈራሉ ጋር አብሮ ይቀራል። በጥያቄ፣ በደብተር፣ በደም ግፊት መለኪያና በጥቂት የደም ናሙና ላይ ከቆመ ግን በችግር ጊዜም ይሠራል። ለዚህ ነው ነገሩ የሕክምና ብቻ ሳይሆን የዕለቱ ጉዳያችን ነው የምንለው።

ሌላው የቋንቋና የእፍረት ግድግዳ ነው። ስለ ማህፀኗ በወንድ አስተርጓሚ የምትናገር ሴት የለችም ማለት ይቻላል። «የወር አበባ» የሚለው ቃል በሦስት ቋንቋ ሲተላለፍ «ሆድ ቁርጠት» ሆኖ የሚደርስበት ጊዜ አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እውነት ነው። ግን እንድትናገር ሴት አስተርጓሚና የሚዘጋ በርም ሊሰጣት ይገባል።

ምን ያመጣል? ምንስ ይረዳል?

«የወር አበባ ባይመጣ ምን ይጎዳል? እንዲያውም ተገላገልኩ» የሚሉ አሉ። ይጎዳል። የማህፀን ውስጠኛው ሽፋን በየጊዜው ካልታጠበ እየወፈረ ይሄዳል፤ በዓመታት ውስጥ የካንሰር ዕድልን ከፍ ያደርጋል። ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም የሚከላከሉት ነገር ነው። ስለዚህ ከ90 ቀን በላይ የሚቀርባት ሴት ሐኪም ማነጋገር አለባት። ስኳር በሽታ፣ ደም ግፊት፣ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ ስኳርም በነዚህ ሴቶች ላይ ይበዛል። መመሪያው ደም ግፊት በየዓመቱ፣ ስኳር ደግሞ ምርመራው ሲታወቅና ከዚያ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ እንዲለካ ይመክራል። ድብርትና ጭንቀትም ስለሚበረቱ ስለ መንፈሷም እንድትጠየቅ ያዛል። ለብዙ ዓመት «መካን» ስትባል የኖረች ሴት ብትደበር ማን ይፈርድባታል?

ሕክምናውን በተመለከተ ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት የለም፤ የሚቆጣጠር ግን አለ። መውለድ ለማትፈልግበት ጊዜ የተዋሐደው የወሊድ መከላከያ ክኒን የወር አበባን ያስተካክላል፣ ፀጉሩንም ይቀንሳል። ደም ግፊት ላለባት ሴት ላይስማማ ስለሚችል ሳይለኩ ከሱቅ ገዝቶ መዋጥ አይገባም። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት ለአንዳንዶች ይሰጣል። ለመውለድ ደግሞ መመሪያው በቀዳሚነት የሚያስቀምጠው ሌትሮዞል የተባለውን በአፍ የሚወሰድ ክኒን ነው፤ በሐኪም ክትትል ጥቂት ቀናት ብቻ ይወሰዳል። ብዙ ሴቶች በዚህ ወልደዋል፤ ያለ መድኃኒትም የወለዱ አሉ። እንዲያውም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ እንቁላሉ አልፎ አልፎ ስለሚለቀቅ ልጅ የማትፈልግ ሴት «እኔ አልወልድም» ብላ ብትዘናጋ ሳታስበው ታረግዛለች።

ምግብን በተመለከተ ሰላጣና ዓሣ ብሉ ብለን አንቀልድም፤ ራሽናችንን እናውቀዋለን። ደግነቱ መመሪያው ለዚህ በሽታ ከሌላው የተሻለ አንድ ልዩ ምግብ የለም ይላል። የሻዩን ስኳር ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ ማውረድ፣ ለስላሳ መተው፣ በየቀኑ መራመድ ለስኳሩም ለግፊቱም ይረዳል።

ለባሎችም አንድ ቃል አለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል። ድርጅቱ በኖቬምበር 2025 ስለ መካንነት የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ መመሪያ አውጥቷል። ምክንያቱ ከሴቷ፣ ከወንዱ ወይም ከሁለቱም ሊሆን ይችላል። የሚስቱን ጉዳይ ለመጠየቅ የሄደ ወንድ የራሱንም ምርመራ ሰጥቶ ይመለስ። ሳይመረመር ሚስቱን «መካን» ያለ ሰው የማያውቀውን መስክሯል።

በእጃችን ያለው

1ኛ. እያንዳንዷ ሴት የወር አበባዋን የመጀመሪያ ቀን ቢያንስ ለስድስት ወር ትጻፍ። የምትጠቀመውን የወሊድ መከላከያም አብራ ትጻፍ።

2ኛ. ክሊኒክ ስትሄድ ሦስት ነገር ትናገር፤ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ ፀጉር እንደምትላጭ ወይም እንደምትነቅል፣ ቤተሰብ ውስጥ ስኳር ወይም ተመሳሳይ ችግር እንዳለ።

3ኛ. ሴት አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው። የኮሚኒቲ መሪዎቻችን በሚቀጥለው ስብሰባ ከጤና አስተባባሪዎች ጋር ይህን ቀዳሚ አጀንዳ ያድርጉት።

4ኛ. የጤና ባለሙያዎችን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። የእርግዝና ምርመራው «የለም» ሲል ውይይቱ አይዘጋ፤ የሚጀምረው ያኔ ነው። የእንቅርትና የፕሮላክቲን የደም ናሙና ሰዎችን ከመላክ ይልቅ ለመላክ ይቀልላል።

5ኛ. ትምህርት ቤቶች ለሴት ተማሪዎች ይህንን የሚነግር ሰው ይጋብዙ። እኛም በበኩላችን ቃል እንገባለን።

ወደ እህታችን እንመለስ። ባለፈው ጊዜ አንዲት ሴት የጤና ባለሙያ ደብተሯን ተቀብላ ቀኖቹን ቆጠረች፤ «ትላጫለሽ?» ብላም ጠየቀቻት። እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር፤ አለቀሰች። ደም ግፊቷ ደህና ሆነ፤ ስኳሯ ከፍ ያለ ነው ተባለ፣ ግን በሽታ ደረጃ አልደረሰም። የደም ናሙናዋ ወደ ከተማ ሄዶ ሌሎቹ መንስኤዎች ሲጣሩ የበሽታዋ ስም ተነገራት። አልትራሳውንድ ውስጥ አልገባችም። ልጅ ገና የለም፤ የሐኪም ቀጠሮ እየጠበቀች ነው። ነገር ግን በቀጠሮው ባሏ አብሯት ሊሄድ ነው፤ እሱም ሊመረመር። ዘመዶቹ ሲደውሉ አሁን ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው። «በሽታው ስም አለው፣ ሕክምናም አለው» ይላቸዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ የሐኪም ምትክ አይደለም፤ ወደ ሐኪም ስትሄዱ ይዛችሁት የምትገቡት ጥያቄ ነው። ገጹን ያነበባችሁ ላላነበቡት፣ በተለይ ፊደል ላልቆጠሩ እናቶችና እህቶች አንብቡላቸው። ቸር ወሬ ያሰማን።